ሦስተኛው ሰርቨር ሲጨመር ሲስተሙ ለምን ባሰበት? ስለ ሎድ ባላንሰር አደረጃጀት የቀረበ ጥያቄ

ለገሃር ባክኤንድ

ጤና ይስጥልኝ። ለገሃር አካባቢ ባለ አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ የባክኤንዱን (ከተጠቃሚው ጀርባ የሚሠራውን ፕሮግራም) ሥራ የምንሠራው ሁለት ሰዎች ነን። ድርጅቱ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት በስልክ መተግበሪያና በድረ ገጽ ይሸጣል። በአዘቦት ቀን አንድ ሰርቨር ይበቃን ነበር። ሆኖም ለታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ የድሬዳዋ መስመር ትኬት በተከፈተ ቁጥር ሲስተሙ ስለሚንበረከክብን፣ ዘንድሮ ከወዲሁ ሎድ ባላንሰር አቁመን ሥራውን ከአንድ በላይ ለሆኑ ሰርቨሮች ለማከፋፈል ወሰንን። እንደወሰንነውም አደረግን፤ ውጤቱ ግን የጠበቅነው አልሆነም።

አደረጃጀታችን እንዲህ ነው። ከፊት በኬፕታውን ሪጅን ያለ የአማዞን አፕሊኬሽን ሎድ ባላንሰር አለ። ከኋላው በኖድ ጄኤስ የተጻፈውን ፕሮግራማችንን የሚያሠሩ ሁለት ቨርቹዋል ማሽኖች በሁለት የተለያዩ ዞኖች (ለየብቻ በቆሙ የመረጃ ማዕከሎች) ተቀምጠዋል። ዳታቤዛችን እኛው በሌላ ማሽን ላይ የጫንነው ፖስትግሬስ ሲሆን፣ የማዋቀሪያ ፋይሉን ከተጫነበት ቀን ጀምሮ አልነካነውም። እያንዳንዱ ሰርቨር ወደ ዳታቤዙ እስከ 40 ኮኔክሽን (የግንኙነት መስመር) እንዲከፍት ፈቅደንለታል። የመቀመጫ ፍለጋው ከሌሎቹ ጥያቄዎች የበለጠ ጊዜ ስለሚወስድ፣ የማከፋፈያ ስልቱ በተራ ከማደል ይልቅ ገና ያልተመለሰ ጥያቄ በእጁ ላነሰበት ሰርቨር እንዲሰጥ አድርገነዋል። የጤና ምርመራው በየ30 ሰከንዱ የመነሻ ገጹን ይጠይቃል፤ ገጹ 200 (ተሳክቷል የሚለውን ኮድ) ከመለሰ ሰርቨሩ ደህና ነው ይባላል።

ግራ ያጋቡን ጉዳዮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ትኬቱ በተከፈተ ዕለት የደረሰብን ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሁለቱ ሰርቨሮች እየከበዳቸው ሲመጣ፣ በገበያው መካከል ሦስተኛ ሰርቨር አስነስተን ከሎድ ባላንሰሩ ጋር አገናኘነው። ይረዳናል ያልነው ሰርቨር ይባስ አመጣብን። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አብዛኛው ደንበኛ «ይቅርታ፣ ችግር ተፈጥሯል» የሚለውን ገጽ ማየት ጀመረ፤ ገጹን ደጋግመው ቢያድሱትም ያው ነው። የሚገርመው የሦስተኛው ሰርቨር ሲፒዩ ሥራ የፈታ ይመስል ነበር፤ ሎድ ባላንሰሩም እስከ መጨረሻው ድረስ ጤነኛ ነው ይለናል። ሦስተኛውን ስናወጣው ነገሩ ረገብ አለ።

ሁለተኛው በአዘቦት ቀን አልፎ አልፎ የሚታይ የ502 ስህተት ነው፤ ሎድ ባላንሰሩ ከሰርቨሩ ትክክለኛ መልስ ሳያገኝ ሲቀር የሚሰጠው ኮድ ማለት ነው። በሎጉ (በክንውን መዝገቡ) ላይ ብዙውን ጊዜ የሚታየው 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ከከሰዓት በኋላው ጭነት ጋር የተያያዘ መስሎን ነበር፤ በግራፉ ላይ ግን ጭነት አይታይም።

ሦስተኛው ሴሽንን ይመለከታል። የመግቢያ ሴሽኑም (ደንበኛው መግባቱን የሚያስታውሰው መረጃ)፣ ለጊዜው የተያዘው መቀመጫም በየሰርቨሩ ሚሞሪ ውስጥ ነው የሚቀመጡት። ደንበኞች መቀመጫ መርጠው ወደ ክፍያ ሲያልፉ «እንደገና ይግቡ» ይባሉ ስለነበር፣ በሎድ ባላንሰሩ ኩኪ (በደንበኛው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ በሚቀመጥ ምልክት) አማካይነት አንድ ደንበኛ ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰርቨር እንዲሄድ አደረግን። ያ ቅሬታ ቆመ፤ ነገር ግን «ብሩ ተቆርጧል፣ ትኬቱ አልመጣም» የሚል ሌላ ተተካ።

የማከፋፈያ ስልቱን እንቀይር? ወይስ ይህን ትተን የራሳችንን ኤችኤፕሮክሲ (በራስ ማሽን ላይ የሚጫን ሎድ ባላንሰር) እናቁም? ከእናንተ ያለፈበት ካለ ቢያስረዳን እናመሰግናለን።

የሌሊት ተረኛ

ጥያቄዎን በዝርዝር ስላቀረቡ እናመሰግናለን፤ እዚህ ከሚቀርቡት ብዙዎቹ «ሰርቨሬ አይሠራም» ብለው የሚያበቁ ናቸው። ስልቱን ከመቀየርዎ በፊት በራስዎ ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጧቸው።

ፖስትግሬስ ማንም ሳይነካው ሲጫን የሚፈቅደው የኮኔክሽን ብዛት 100 ነው። ከእነዚህም 3ቱ ለዳታቤዙ የበላይ ተጠቃሚ በመጠባበቂያነት ስለሚያዙ ለፕሮግራምዎ የሚተርፈው 97 ነው። ሁለት ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው 40 ሲወስዱ 80 ይሆናል፤ እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። በገበያው መካከል ሦስተኛውን ሲያስነሱ ሁለቱ አስቀድመው 40 40ቸውን ይዘዋልና ለአዲሱ የቀረለት 17 ብቻ ነበር። አሥራ ስምንተኛውን ሲጠይቅ ፖስትግሬስ ደንበኛ በዝቶብኛል ብሎ ወዲያውኑ ይመልሰዋል፤ ፕሮግራምዎም ያንን ተቀብሎ ለተጠቃሚው የስህተት ገጽ ያቀርባል። የዳታቤዙን ሎግ በዚያ ሰዓት ቢያዩት ይህንኑ መልእክት ተደርድሮ እንደሚያገኙት እርግጠኛ ነኝ።

አንድ ሰርቨር በከፊል መታመሙ ብቻውን የደንበኛዎን አብዛኛውን ክፍል አያሳጣዎትም ነበር። ጉዳቱን ያበዛው የመረጡት ስልት ነው። ባንክ ውስጥ ሦስት መስኮት አለ እንበል፤ ሁለቱ ደንበኛውን በአግባቡ ሲያስተናግዱ፣ ሦስተኛው ለመጣው ሁሉ «ሲስተም የለም» ብሎ ይሸኛል። ከሦስቱ ሰልፉ አጭር የሚሆነው የማን ነው? ሎድ ባላንሰርዎ የሚያየው የሰልፉን ርዝመት ብቻ ነው። ጤነኞቹ ሰርቨሮች ለመቀመጫ ፍለጋ ግማሽ ሰከንድ ሲወስዱ፣ ታማሚው በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ የስህተት ገጹን ስለሚሰጥ እጁ ሁልጊዜ ባዶ ነው፤ እጁ ባዶ ስለሆነም የሚቀጥለው ጥያቄ ወደ እሱ ይላካል። ሲፒዩው ሥራ የፈታ መምሰሉም ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚህ ላይ ኩኪው አለ። አዲስ የገባ ደንበኛ ወደ ታማሚው ሰርቨር ተልኮ ኩኪውን አንዴ ከተቀበለ በኋላ ገጹን መቶ ጊዜ ቢያድሰው ተመልሶ ወደዚያው ነው የሚሄደው። የጤና ምርመራውም ቢሆን የሚጠይቀው ዳታቤዝ የማያስፈልገውን የመነሻ ገጽ ነውና ሰርቨሩን ከሰልፉ የሚያስወጣበት ምንም ምክንያት አላገኘም። አዲስ የተመዘገበ ሰርቨር ደግሞ አንድ ምርመራ ብቻ ካለፈ ወዲያውኑ ሥራ ይሰጠዋል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የፑሉን መጠን፣ ማለትም አንድ ሰርቨር ከፍቶ የሚይዘውን የኮኔክሽን ብዛት፣ ይቀንሱ። በእርስዎ ሁኔታ ለአንድ ሰርቨር 20 ከበቂ በላይ ይመስለኛል፤ 40 ኮኔክሽን መክፈት ዳታቤዙን 40 ጊዜ አያፈጥነውም። ስሌቱን ሲሠሩም ዛሬ ያሉትን ሰርቨሮች ሳይሆን በበዓል ቀን ሊደርሱ የሚችሉትን ከፍተኛ ቁጥር ይያዙ። አዲስ የፕሮግራም ቅጂ በምትጭኑበት ጊዜ አሮጌውና አዲሱ ለጥቂት ደቂቃ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ቁጥሩ እጥፍ ሊሆን እንደሚችል አይርሱ። እርስዎ ራስዎ በችግር ሰዓት ገብተው የሚያዩበት ሁለት ሦስት ቦታም ይተዉ። ሰርቨሮቹ ከአራትና ከአምስት የሚበልጡ ከሆነ በመካከል ፒጂባውንሰር ቢያቆሙ ይሻላል፤ ብዙ ኮኔክሽን ከፊት ተቀብሎ በጥቂቱ ወደ ዳታቤዙ ያሳልፋል። ነገር ግን በየትራንዛክሽኑ (በአንድነት በሚፈጸም የዳታቤዝ ሥራ) እንዲያጋራ ሲያደርጉት በሴሽን ላይ የተመሠረቱ የፖስትግሬስ አገልግሎቶች እንደማይሠሩ አውቀው ይግቡበት።

ቸኮለ

ይህ ሁሉ ስሌት ለምን ያስፈልጋል? የፖስትግሬሱን ገደብ 500 አድርጉትና ዳታቤዙን አስነሡት፤ ያልቃል። ሴሽኑንም በኩኪ ከማሰር በደንበኛው አይፒ አድራሻ ብታስሩት ይቀላል።

የሌሊት ተረኛ

ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ሚሞሪ የሚወስድ የራሱን ፕሮሰስ ይከፍታል። የሚሞሪውን መጠን ሳይመለከቱ 500 ማድረግ ችግሩን ከሰርቨሮቹ ወደ ዳታቤዙ ማሽን ማዛወር ነው፤ ሰርቨር ቢወድቅ ሌላ አለ፣ ዳታቤዙ ግን አንድ ነው።

በአይፒ አድራሻ ማሰሩን በተመለከተ ግን በእኛ አገር በተለይ አልመክረውም። የትኬት ገዢው አብዛኛው የሚገባው በሞባይል ዳታ ነው፤ የሞባይል ኦፕሬተሮች ደግሞ እጅግ ብዙ ደንበኛን ከጥቂት የአደባባይ አድራሻዎች ጀርባ ያስቀምጣሉ። በአድራሻ ስታከፋፍሉ የአንድ ሰፈር ሕዝብ በሙሉ እንደ አንድ ሰው ተቆጥሮ በአንድ ሰርቨር ላይ ይወርዳል። ኤንጂንኤክስ (ሌላው ጥያቄ የሚያከፋፍል ፕሮግራም) ላይ ያለው የአይፒ ማከፋፈያ ስልት እንዲያውም ከአራቱ የአድራሻ ክፍሎች የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ብቻ ስለሆነ ጉዳዩ ይባስ ይጠብባል።

ሰባ ደረጃ

እኔ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ስለ 502ቱ ብቻ ልናገር፤ እኛም ቢሮ ይኸው ነገር ሁለት ሳምንት አሠቃይቶናልና።

በቅድሚያ ሰዓቱን ያስተካክሉ። የሎድ ባላንሰሩ ሎግ የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። የአዲስ አበባ ሰዓት ከዚያ በ3 ይቀድማል፤ እኛ በልማድ የምንቆጥረው ደግሞ ከዚያ በ6 ወደ ኋላ ነው። ባጭሩ ከሎጉ ሰዓት ላይ 3 ሲቀንሱ የግድግዳ ሰዓትዎን ያገኛሉ። ስለዚህ ሎጉ ላይ 9 ሰዓት ተኩል ያዩት የከሰዓት በኋላው 9 ሰዓት ተኩል አይደለም፤ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ነው፤ የምሳ ሰዓት። ስህተቱ የሚመጣው ጭነት ሲበዛ ሳይሆን ሰው ሲጠፋ መሆኑን ከዚህ ማየት ይቻላል። (በነገራችን ላይ እኛ ዘንድ ሁለት ባልደረቦች በዚሁ የሰዓት ነገር ተጣልተው ነበር፤ አንዱ «ትናንት ማታ 1 ሰዓት» ሲል ሌላው በሎጉ 1 ሰዓት ላይ ይፈልጋል።)

ምክንያቱ ይህ ነው። ሎድ ባላንሰሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ኮኔክሽን ወደ ሰርቨሩ አይከፍትም፤ አንዴ የከፈተውን ይዞ ደጋግሞ ይጠቀምበታል። ሥራ ፈትቶ የቆየ ኮኔክሽንን የሚታገሠው በተለምዶ 60 ሰከንድ ነው። ኖድ ጄኤስ ግን ማንም ካልነካው በስተቀር ሥራ የፈታ ኮኔክሽንን ብዙውን ጊዜ በ5 ሰከንድ ይዘጋዋል። በሥራ ሰዓት ጥያቄ በጥያቄ ላይ ስለሚመጣ 5 ሰከንድ ዝም የሚል ኮኔክሽን የለም። በምሳ ሰዓት ግን አለ። ሎድ ባላንሰሩ «ይህ በር ክፍት ነው» ብሎ ጥያቄውን በሚልክባት ቅጽበት ሰርቨሩ በሩን እየዘጋ ከሆነ ጥያቄው ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ሎድ ባላንሰሩም ለደንበኛው 502 ይመልሳል። ፕሮግራማችሁ ጥያቄውን ስላላየው በእናንተ ሎግ ውስጥ ምንም ምልክት አይኖርም።

በእርግጥ ይህ መሆኑን ለማረጋገጥ የሎድ ባላንሰሩን የአክሰስ ሎግ ይክፈቱና 502 ያለበትን አንድ መስመር ያንብቡ። ሁለት የመልስ ኮዶች ጎን ለጎን ተጽፈው ያገኛሉ፤ አንዱ ሎድ ባላንሰሩ ለደንበኛው የሰጠው፣ ሌላው ሰርቨሩ ለሎድ ባላንሰሩ የሰጠው ነው። በሁለተኛው ቦታ ላይ ቁጥር ሳይሆን ሰረዝ ካለ፣ የሰርቨሩ የሥራ ጊዜም ከዜሮ በታች 1 ተብሎ ከተጻፈ ሰርቨሩ ጭራሽ አልመለሰም ማለት ነው። በዚያ ቦታ 500 ቢኖር ኖሮ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነበር።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። በኖድ በኩል ያለውን የኪፕ-አላይቭ ታይምአውት (ሥራ የፈታ ኮኔክሽን ሳይዘጋ የሚቆይበትን ጊዜ) ከሎድ ባላንሰሩ በላይ፣ ለምሳሌ 65 ሰከንድ ያድርጉት፤ ቁጥሩ በሚሊሰከንድ ስለሚጻፍ 65,000 ይሆናል። የሄደር (ከጥያቄው ጋር የሚመጣ ተጨማሪ መረጃ) መጠበቂያውን ታይምአውት ደግሞ ከእሱ ትንሽ አስበልጠው 66,000 ያድርጉ። ምንጊዜም በሩን ቀድሞ የሚዘጋው ከፊት ያለው እንጂ ከኋላ ያለው መሆን የለበትም። አንዳንዱ ሰው ኪፕ-አላይቩን ጨርሶ ያጠፋዋል፤ ስህተቱ ይጠፋል፣ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ኮኔክሽን ስለሚከፈት በበዓሉ ቀን ዋጋውን ትከፍሉበታላችሁ።

አራት ኪሎ፣ ሰርቨር ክፍል

የተሰጠው ምክር ሁሉ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የማይጠየቀውን ጥያቄ ልጠይቅ፤ ሦስት ሰርቨር በእውነት ያስፈልጋችኋል ወይ? ዓመቱን በሙሉ በዶላር የሚከፈልበት ነገር ስለሆነ ጥያቄው ተራ አይደለም።

እኔ በሥራ ዘመኔ አብዛኛውን ያሳለፍኩት በራሳችን ክፍል ውስጥ ባሉ፣ በእጅ በሚነኩ ማሽኖች ላይ ነው። ከፊት የምናቆመው እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለውን ኤችኤፕሮክሲን ነው፤ እስካሁን አላሳፈረኝም። ጠያቂው የራሳችንን እናቁም ወይ ብለዋልና፣ ይችላሉ፤ ግን ያን ጊዜ የኤችኤፕሮክሲው ማሽን ራሱ ሲወድቅ ማን ይተካዋል የሚለውን መመለስ ይኖርባቸዋል። ክላውድ ላይ ያለው የተዘጋጀ ሎድ ባላንሰር ቢያንስ በሁለት ዞኖች እንዲቆም ስለሚያስገድድ ይህን ጭንቀት ያነሣላችኋል። በዚህ ምክንያት ብቻ እኔ ባላችሁበት ብትቀጥሉ እመርጣለሁ።

እንደ እኔ ግምት ሁለት ሰርቨር ለዓመቱ፣ ሦስተኛው ለበዓል ሰሞን ይበቃል። ሦስተኛውንም ገበያው ከመከፈቱ ከአንድ ቀን በፊት አቁሙት እንጂ እሳቱ ከተነሣ በኋላ አይሁን። በተራ ወደሚያድለው ስልት ከተመለሳችሁ ደግሞ ሎድ ባላንሰሩ ለአዲስ ሰርቨር ድርሻውን ቀስ በቀስ የሚያሳድግበት መንገድ አለው፤ ከ30 እስከ 900 ሰከንድ ድረስ ይደረጋል። አሁን በያዛችሁት ስልት ግን ይህ አይሠራም።

ሌላ አንድ ነገር። ሎድ ባላንሰር ካቆማችሁ በኋላ ሰርቨሮቻችሁ የሚያዩት የሎድ ባላንሰሩን አድራሻ ነው፤ የደንበኛው እውነተኛ አድራሻ ለብቻው በሄደር ይመጣል። በአድራሻ ላይ የተመሠረተ የጥያቄ ገደብ ካላችሁ ፈትሹት፤ ሕዝቡን በሙሉ እንደ አንድ አጥቂ ቆጥሮ ሲዘጋ አይቻለሁ።

ለገሃር ባክኤንድ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ከባልደረባዬ ጋር ቁጭ ብለን ሎጎቹን አነበብን። የፖስትግሬሱ ሎግ ሦስተኛው ሰርቨር ከተነሣበት ደቂቃ ጀምሮ የኮኔክሽን ብዛት ስህተት በገጽ በገጽ ሞልቶታል፤ እኛ ዳታቤዙ ደህና ነው ብለን ከፍተነው እንኳ አላየነውም። የ502 መስመሮቹም ልክ «ሰባ ደረጃ» እንዳሉት ናቸው፤ በሰርቨሩ ቦታ ላይ ሰረዝ፣ በሥራ ጊዜው ላይ ከዜሮ በታች 1። ሰዓቱን ስናስተካክለው አንዱም ከሥራ ሰዓት ጋር አልገጠመም፤ ወይ ምሳ፣ ወይ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው።

የቀሩኝ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። የጤና ምርመራው ዳታቤዙንም እንዲጠይቅ ብናደርገው ትክክል ይሆናል? የክፍያ ማረጋገጫው ነገርስ እንዴት ይስተካከላል?

የሌሊት ተረኛ

ከክፍያው ልጀምር፤ ሰው ብሩ ተቆርጦበት ሌሊት 11 ሰዓት መስቀል አደባባይ ሻንጣውን ይዞ መቆም የለበትም።

ደንበኛው መቀመጫ ሲይዝ መረጃው ለምሳሌ በአንደኛው ሰርቨር ሚሞሪ ውስጥ ነው ያለው። ክፍያው ሲፈጸም ማረጋገጫውን የሚልክላችሁ የደንበኛው ስልክ ሳይሆን የክፍያ ድርጅቱ ሰርቨር ነው። የዚያ ሰርቨር ጥያቄ ኩኪ የለውም። ስለዚህ ሎድ ባላንሰሩ ወደ ፈለገው ይልከዋል፤ ሁለተኛው ሰርቨር ላይ ሲደርስ «እንዲህ ያለ ትዕዛዝ አላውቅም» ይባላል። ሁለት ሰርቨር ካለ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ከቅሬታዎቹ ብዛት ጋር ቢያስተያዩት ይገጥማል ብዬ አምናለሁ። ኩኪው የሴሽኑን ችግር ሸፈነው እንጂ አልፈታውም።

የተያዘውን መቀመጫ ወደ ፖስትግሬስ ያውጡት። የጉዞው ቁጥርና የመቀመጫው ቁጥር በአንድነት እንዳይደገሙ የሚከለክል ገደብ በሠንጠረዡ ላይ ይኑር፤ መያዣው የሚያበቃበት ሰዓትም አብሮ ይጻፍ፤ ጊዜው ያለፈበትን መያዣ የሚያነሣው አዲሱ ገዢ ሲመጣ በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ ይሁን። የክፍያ ማረጋገጫ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድመው ይቁጠሩት፤ ላኪው መልስ ሲዘገይበት ይደግማል። የክፍያው መለያ ቁጥር እንዳይደገም ገደብ ካደረጉበት ሁለተኛው ማረጋገጫ ሲመጣ ሁለተኛ ትኬት አይቆረጥም፤ የቀድሞው መልስ ይሰጠዋል። የመግቢያ ሴሽኑን ሬዲስ (መረጃን በሚሞሪ የሚይዝ የጋራ ማከማቻ) ላይ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ ለእናንተ ስፋት ግን በዚያው ዳታቤዝ ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ ቢሆንም አያንስም። ይህን ከጨረሳችሁ በኋላ ኩኪውን አጥፉት። ያን ጊዜ የትኛውም ሰርቨር የትኛውንም ደንበኛ ማስተናገድ ይችላል፤ ሎድ ባላንሰርም የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው።

ወደ ጤና ምርመራው ስመለስ፣ መልሴ «አዎ፣ ግን በጥንቃቄ» ነው። የመነሻ ገጹን ትታችሁ ለዚህ ብቻ የሚሆን አንድ አጭር መንገድ ክፈቱ፤ ሰርቨሩ ከራሱ ፑል ውስጥ በአንድ ሰከንድ ጊዜ ኮኔክሽን ማግኘት ይችል እንደሆነ ይፈትሽ፤ ካልቻለ 503 (አሁን ማስተናገድ አልችልም የሚለውን ኮድ) ይመልስ። ይህ ቢኖራችሁ ኖሮ ያ ሦስተኛ ሰርቨር ኮኔክሽን ሲያጥረው ከሰልፉ ሊወጣ ይችል ነበር። አደጋው ያለው በሌላ በኩል ነው። ዳታቤዙ ራሱ ለጥቂት ሰከንዶች ቢዘገይ ሦስቱም ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ታማሚ ይባላሉ። የእናንተ ሎድ ባላንሰር ሁሉም ታማሚ ሲሆኑ ምርጫ ስለሌለው ለሁሉም መላኩን ይቀጥላል፤ ኤችኤፕሮክሲ ቢሆን ግን የሚልክበት ስለሌለው ለደንበኛው 503 ይመልስ ነበር። ሰርቨር በራሱ የሚያስነሣና የሚያጠፋ አውቶስኬሊንግ ካላችሁ ደግሞ ይህን ምርመራ ለእሱ አትስጡት፤ ዳታቤዙ በዘገየ ቁጥር ጤነኛ ሰርቨሮቻችሁን እያጠፋ ሌላ ያስነሣላችኋል። ለእሱ ፕሮግራሙ በሕይወት መኖሩን ብቻ የሚመልስ ሌላ ቀላል መንገድ ይኑራችሁ።

ጊዜውንም ይቀንሱት። በየ30 ሰከንዱ ጠይቆ ሁለት ጊዜ ካልተሳካ ታማሚ የሚል ምርመራ፣ ሰርቨሩን ለማስወጣት አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ በገበያ ሰዓት አንድ ደቂቃ ብዙ ነው። 10 ሰከንድ ቢያደርጉት ይበቃል።

ለገሃር ባክኤንድ

የገና ትኬት ትናንት ጠዋት ስለተከፈተ የደረስንበትን ላሳውቃችሁ።

ፑሉን ወደ 20 ዝቅ አድርገን ሦስተኛውን ሰርቨር ከዋዜማው አቆምነው። የማከፋፈያ ስልቱን በተራ ወደሚያድለው መልሰነዋል፤ ምናልባት የመረጥነው መጀመሪያም ስህተት አልነበረም፣ ግን የጤና ምርመራው እስኪታመን ድረስ አጭር ሰልፍ ማየት አስፈርቶናል። የኖድ ታይምአውቱ ከተቀየረበት ቀን ወዲህ በምሳ ሰዓት የመጣ 502 የለም። የተያዙ መቀመጫዎችና የክፍያ ማረጋገጫዎች ወደ ዳታቤዙ ወጥተዋል፤ ትናንት በተደጋጋሚ የመጡ ማረጋገጫዎች ነበሩ፣ ሁሉንም ገደቡ ይዟቸዋል። ሴሽኑን ግን ገና ስላልጨረስነው ኩኪው እስካሁን አለ።

አንድ ያልጠበቅነው ነገር፣ አዲስ ቅጂ ልንጭን አንዱን ሰርቨር ስናወጣ 5 ደቂቃ ያህል «እየወጣ ነው» እያለ ያቆየናል። በእጁ ያለውን ጥያቄ እንዲጨርስ የተተወለት 300 ሰከንድ መሆኑን በኋላ አየን፤ የእኛ ረጅሙ ጥያቄ ከ10 ሰከንድ ስለማይበልጥ ወደ 30 አወረድነው። ስለ ዳታቤዙ ተጠባባቂ ቅጂ በሌላ ርዕስ እጠይቃችኋለሁ፤ ከጥምቀት በፊት ልናቆመው አስበናል።